ለሠርግ የተተከለ ድንኳን

፩

መሰላሉን አትንኩት። ገና አልጨረሰችም።

፪

ከላይ ሆና ሸራ የምትቸነክረው ይርገዱ ናት፤ የቴአትር ቤቱ የመድረክ ዲዛይነር። ዘመኑ ደርግ ነው። ወንድሟ ፋንታሁን ከተገደለ ዓመት ሊሞላው ነው። «የአብዮት ጠላት» ለተባለ ሰው ማልቀስ ክልክል ስለሆነ፣ እናታቸው እማማ ወለላ ድንኳን አልጣሉም፤ ለቀስተኛ አልተቀበሉም። ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ። ይርገዱን እንቅልፍ የነሳት ይህ ዝምታ ነው።

፫

ሳንሱር ያነበበው፦ የሠርግ ኮሜዲ፤ አንድም ሟች የለበትም።

ሳንሱር ያላነበበው፦ ሸራ።

፬

የሠርግ ድንኳን እንዴት የለቅሶ ይሆናል?

ቄጤማ አትጎዝጉዝ። አግዳሚዎቹን ዳር ዳር አስይዝ። ሌላው ያው ነው፤ እድሩ ለሁለቱም የሚያውሰው አንድ ድንኳን ነው።

ይርገዱ አንድ ነገር ጨመረች። ሸራውን ከመድረኩ አሳልፋ በተመልካቹ ወንበሮች ላይ ዘረጋችው።

፭

ልምምድ። ተቆጣጣሪው ጓድ ሺበሺ መጥቷል።

ሺበሺ፦ ሸራው ሰው ላይ ድረስ ምን አመጣው?

ይርገዱ፦ ሰፊው ሕዝብም ሠርገኛ ይሁን ብዬ ነው፣ ጓድ።

ሺበሺ፦ ቄጤማውስ?

ይርገዱ፦ ያንሸራትታል። ሙሽራው ወድቆ እግሩን ቢሰበርብኝስ?

ሺበሺ፦ እሱስ ደግ አስበሻል።

ይህን ብላ መሰላሉ ላይ እንዳለች መቸንከሯን ቀጠለች። እኔ ይህን የምጽፈው ሰውዬ ብሆን ከነመሰላሉ እወድቅ ነበር። እንዲህ ያለች ሴት ትባረክ።

፮

የመክፈቻው ዕለት እማማ ወለላ ከፊት ተቀመጡ። መጋረጃው ተከፈተ። ተመልካቹ ቀና ብሎ ሸራውን አየ፤ ዝቅ ብሎ ባዶውን ወለል አየ። ሙሽራው የሚያስቀውን ነገር ተናገረ።

፯

ማንም አልሳቀም።

፰

አንዲት ሴት ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አጠገቧ ያለችውም አዘቀዘቀች። ከዚያ ረድፉ በሙሉ። በየቤቱ ስንት ለቅሶ ታፍኖ እንደኖረ ያን ጊዜ ታወቀ።

«ወይ ልጄን» አሉ እማማ ወለላ፣ ድምፃቸውን አውጥተው።

ይርገዱ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አለቀሰች። ደስም አላት።

፱

ቴአትሩ ሲያልቅ ሰው በቀጥታ ወደ በሩ አልሄደም። በፊተኛው ረድፍ እየዞረ፣ እማማ ወለላ ፊት ጎንበስ እያለ ወጣ።

«እግዜር ያጥናዎት።»

«እግዜር ያጥናዎት።»

«እግዜር ያጥናዎት።»

፲

መጨረሻ ላይ የቀረው ጓድ ሺበሺ ነው። መጥቶ ፊታቸው ቆመ። እማማ ወለላ እንባቸውን ሳይጠርጉ ቀና ብለው አዩት። ይርገዱ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ከእናቷ ጎን ቆመች።

እንደ ሌላው ሰው ጎንበስ ብሎ አፉን ከፈተ።

«                                        »