አልነሳም ያለው መኪና

ሾፌሩ እናቱን ብቻዋን ከምትኖርበት ቤት አስወጥቶ ወደ ራሱ ቤት ለመውሰድ ያልሞከረው ዘዴ የለም። ደረጃው ገደል ነው አላት፤ ጣሪያው ያፈሳል አላት፤ በመጨረሻም አንድ ጠዋት አባቱ የተወለትን አሮጌ የጭነት መኪና ይዞ ከች አለ። አልጋው ተጫነ፣ ቁም ሳጥኑ ተጫነ፣ እናትዮዋም ትራሷን አቅፋ ጋቢና ገባች። አፏን ግን አልከፈተችም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! እሱ ደግሞ ዝምታዋን "እሺ" ብሎ ተረጎመው፤ ሲመቸው እንዲህ ነው።

መኪናው ተነሳ። ከግቢው በር ሳይወጣ ግን ጉርር ብሎ ጠፋ።

ቁልፉን ቢያዞር ማስነሻው ሞተሪኖ ያለ ስስት ይዞራል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች!

"እማዬ፣ እንዳትወርጂ! አሁን ይነሳል!"

አንዴ ከወረደችና አልጋዋ ተመልሶ ከገባ ሁለተኛ በበሬም እንደማትጎተት ያውቃል። እውነቱን ለመናገር ፈርቷል። ባለፈው ክረምት መታጠቢያ ቤት ወድቃ፣ ጎረቤት እስኪሰማት ድረስ ብቻዋን ስትጣራ የቆየችበት ቀን ዛሬም ከእንቅልፉ ያባንነዋል።

ጎረቤቷ የሆነው ልብስ ሰፊ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

"ባትሪ ነው" አለ።

"ጋሼ፣ የደከመ ባትሪ እንዲህ ያዞራል?"

"እንግዲያው ብርዱ ነው።"

ፀሐይዋ አናት ትበሳለች! "መካሪ አያሳጣኝ" አለና ሾፌሩ ሞተሩ ውስጥ ተቀበረ።

ሞተሪኖው ሲዞር በጢስ ማውጫው ጭስ አልወጣም፤ ናፍጣ አልደረሰም ማለት ነው። ታንኩ ውስጥ እንጨት ቢነክር እስከ ግማሹ ረጥቦ ወጣ፤ ናፍጣስ አለ። የናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ብሎን አላልቶ የእጅ ፖምፓውን ይገፋው ጀመር። አየር ገብቶ ከሆነ መጀመሪያ አረፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ናፍጣ መውጣት ነበረበት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ቢቸግረው ጎማውን በእርግጫ መታው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

"ቀስ፣ እግርህን ትሰብራለህ" አለች እናቱ ከጋቢና። ያን ቀን ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

ቱቦውን እየዳሰሰ ወደ ኋላ ሄደና ታንኩ ሥር በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። እዚያ ናፍጣ እንዳያንጠባጥብ አባቱ ድሮ ያስገጠመው መዝጊያ አለ። እሱ ነክቶት አያውቅም፤ አሁን ግን ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መኪናው ቱቦው ውስጥ በቀረችው ናፍጣ ተነስቶ፣ ያቺው ስታልቅ ጠፍቷል። መዝጊያውን ከሟች አባቱ ሌላ የምታውቀው ደግሞ አንዲት ሰው ናት፤ በዚህ መኪና ስንት አገር አብራው የዞረች ሚስቱ።

አቧራ ለብሶ ወጣ።

"እማዬ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኛ! አንተ ከቁም ሳጥኑ ጋር ስትታገል።"

"እንዴ! መሄድ ካልፈለግሽ አትናገሪም?"

"ማን ጠየቀኝ?" አለች። "ደረጃው ገደል ነው አልከኝ፤ ጣሪያው ያፈሳል አልከኝ። እማዬ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ ያለኝ ግን የለም። ለቁም ሳጥኑ እንኳ በየት በኩል ይውጣ ተብሎ ተመክሮበታል።"

ልብስ ሰፊው ሳል ሳል አደረገና ወደ ቤቱ የሚገባ መሰለ። አልገባም።

ሾፌሩ በናፍጣ የተለወሰ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ፈርቼ ነው፣ እማዬ። ብቻሽን መሆንሽን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። እባክሽ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ።"

እናቱ ትራሷን ወንበሩ ላይ አኖረች፣ በሩን ከፈተች፣ ወረደች። በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ።

እሷ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ታንኩ ሥር ጎንበስ አለችና መዝጊያውን ከፈተችው። ከዚያም ዞራ መጥታ "ዞር በል" ብላ ፖምፓውን ራሷ ያዘች። አረፋ ወጣ፤ ተከትሎም ጥርት ያለ ናፍጣ። ብሎኑን አጠበቀች።

"እሺ ልጄ፣ እኖራለሁ" አለችው። "በል ምን ተገትረህ ታየኛለህ? ግባና አስነሳው እንጂ!"