ኖራ ያልነካው መደብ

ትምህርት ቤቱ የእርሻ ቦታውን ለወላጆች በከፈተበት ቀን እናትየዋ የመጣችው ፈራ ተባ እያለች ነው። የልጇን ሁለት የጎመን መደቦች ስታይ ደነገጠች። አንዱ ለምልሞ አፈሩን ሸፍኗል፤ ሌላው ቢጫ ሆኖ ከጣት አይበልጥም። ልጅቷ ክፍል የምታልፈው ደግሞ ዛሬ በሚሰጣት ውጤት ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሳያየው ነቅለን እንጣለው!» ብላ ጎንበስ አለች።

«እማ፣ እንዳትነኪው! አፈሩ አሲድ በዝቶበታል። ለዚያኛው አሲዱን የሚቀንስ ኖራ ጨመርኩለት፤ ይሄኛውን ሆን ብዬ ተውኩት። ዘሩም ውሃውም እኩል ነው።»

ከኋላቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሳቁ። «ይሄኛው የእንጀራ ልጅ ነው በሉኛ!»

መምህሩ ግን ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ጎመኑን ያሳደገው ኖራው መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ሲል ጠየቀ። ሌሎቹ ሁሉ በወላጅ ፊት እንዳያፍሩ ብለው ሁለቱንም መደባቸውን ኖራ ስላለበሱ የሚያነጻጽሩት አልነበራቸውም። መምህሩ ወደ ቢጫው ጎመን አመለከተ።

«ማስረጃ ያላት እሷ ብቻ ናት። ሙሉ ውጤት!»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ልጄ፣ የእኔንም መሬት ታዪልኛለሽ?» አሉ።

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ልጇን ብቻዋን ሱቅ እንኳ ልካ የማታውቀው እናት ደረቷን ነፋ አደረገች።

«ቅዳሜ ትመጣለች፣ አባባ» አለች። «እኔም አብሬያት እመጣለሁ። ለተመራማሪ መቼም አፈር የሚሸከምላት ሰው ያስፈልጋታል።»