ቢጫዋ መብራት እስክትጠፋ

ጎሚስታው ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጎማ ፈቶ ስድስቱንም መልሶ አስሯል። ወገቡ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ትንሽ አረፍ ልበል ብሎ በርጩማው ላይ ሳይደላደል የአባ ደቂቃ መኪና መጥታ ከፊቱ ቆመች።

አባ ደቂቃ ሠፈሩ ያወጣላቸው ስም ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶብስ ሲነዱ አንዲት ደቂቃ አሳልፈው አያውቁም ይባላል። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ዛሬም ግን ዳቦ ለመግዛት የሚወጡት ሰዓታቸውን አይተው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሁለት ነገር ቀርቷቸዋል፤ ሐኪም ቤት በነርስነት የምትሠራ ልጃቸውና ይህች የአሥራ አራት ዓመት መኪና። የትኛዋን አብልጠው እንደሚወዱ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ልጅቷም ታውቃለች።

"ዛሬ ይህችን መብራት ካላጠፋህልኝ አለቀልኝ" አሉ ገና ሳይወርዱ። "ልጄ ቁርጡን ነግራኛለች። ከሥራ ስትመለስ በርታ ካገኘቻት ቁልፉን ትወስደዋለች።"

"የቷ መብራት ጋሼ?"

"የጎማ ንፋስ የምትለዋ። ቢጫዋ።"

ጎሚስታው አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ ዳሽቦርዱን አየ። መብራት የለም። በመብራቷ ቦታ የቁስል ፕላስተር ተለጥፏል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዓይኔን እየወጋችኝ ሸፈንኳት።"

"ታዲያ ልጅዎ እንዴት አወቀች?"

"ፕላስተሩ የእሷ ነዋ። ከቦርሳዋ ነው ያወጣሁት።"

ነገሩ የከረረው ባለፈው ወር ነው። የኋላ ጎማቸው ተንፍሶ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በባዶ ብረቱ፣ በቸርኬው ነድተዋል። መንገደኛው እጁን እያወናጨፈ ሲጮህባቸው፣ እሳቸው ደግሞ "ዛሬ ሰው ሁሉ ሰላምተኛ ሆኗል" እያሉ እጅ ይነሱ ነበር። ልጅቷ ይህን ከሰው አፍ ስትሰማ አልጮኸችም። ሁለት ፈረቃ ሠርታ የመጣች ነበረች፣ ለመጮህ አቅሙም አልነበራት። "መብራቷ በደህና ብትሠራ ትነግርህ ነበር። አሠራት፤ አለዚያ ቁልፉን ለእኔ" ብቻ አለች።

አራት አዲስ ሴንሰር በካርቶን ይዘው መጥተዋል። ሴንሰር ማለት ከንፋስ መሙያው ቫልቭ ጋር ተያይዞ በጎማው ሆድ ውስጥ የሚኖር፣ አውራ ጣት የሚያህል ዕቃ ነው። ውስጡ ያለችው ባትሪ አሥር ዓመት አካባቢ ትኖርና ትሞታለች፤ ለብቻዋ አትቀየርም፣ ከነቤቷ ነው የምትጣለው። የአባ ደቂቃ አራቱም ሞተው ከርመዋል። ጎማውን ፈቶ፣ ከቸርኬው አላቅቆ፣ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ማሰር ለጎሚስታ ከባድ አይደለም። ከባዱ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ ቁጥር አለው፤ መኪናዋ ግን የምታውቀው የሞቱትን ነው። አዲሶቹን እስክታስተምሯት ድረስ መብራት አብርታ ሙታኖቿን ትጠብቃለች።

አራቱን ጎማ ሲጨርስ ላቡ በጀርባው ወርዶ ነበር። የማስተማሪያውን መሣሪያ አወጣ፣ መነጽሩን ፈለገ፣ ግንባሩ ላይ አገኘው፣ ወረቀቱን አነበበ።

"እርስዎ ውስጥ ይቀመጡ፤ ፕላስተሩን ይላጡት። ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተር አያስነሱ። ከመሪው ሥር ያለችውን መጫኛ ተጭነው ይያዙ፤ መብራቷ ብልጭ ድርግም ስትል ይልቀቁ። እኔ ከፊት ግራ እጀምራለሁ። መሣሪያውን ጎማው ጋ ስይዝ መኪናዋ ከውስጥ አንዴ 'ጢጥ' ትላለች። ያኔ 'እሺ' ይበሉኝና ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ሁለት ደቂቃ ካለፈን ታኮርፋለች፤ እንደገና ከሀ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ ስለ ደቂቃ ለእኔ ትነግረኛለህ?" አሉ። ልጁ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

ቁጢጥ ብሎ መሣሪያውን ከቫልቩ ጋር አስጠጋ።

"እህ?"

"ምንም።"

"አሁንስ?"

"ኧረ ምንም።"

ቁጢጥ እንዳለ ጠበቀ። ሁለቱ ደቂቃ አለቀ፤ መብራቷ ብልጭታዋን ትታ ቦግ አለች።

ሴንሰሩ ብልሹ ይሆናል ብሎ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። ክሪክ ገባ፣ ክሪክ ወጣ። እንደገና ሞከሩ። ምንም። የመሣሪያውን ባትሪ ቀየረ። ምንም። የመኪናዋን ባትሪ ነቅሎ፣ ትንሽ ቆይቶ መለሰ። ምንም። በአራተኛው ግንባሩን ጎማው ላይ ደገፈ። ከዚያ ወዲያ የሚያውቀው ነገር መዶሻ ብቻ ነበር፤ ለዚህ ደግሞ አይሆንም።

"ልጅዎ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?" አለ ቀና ሳይል።

"ወጥታለች። በዚህ በኩል ለማለፍ ሃያ ደቂቃ ቢቀራት ነው።" አባ ደቂቃ እጃቸውን ከመሪው አላወረዱም። "እውነቱን ልንገርህ? የምሄድበት ኖሮኝ አይደለም። የትም አልሄድም። ጠዋት ተነስቼ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ሳወርደው ግን ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ሚስማሩ ባዶውን ቢቀር... እንጃ።"

ጎሚስታው የእሳቸውን ቁልፍ የሚያስወስድ እጅ የእሱ እንዲሆን አልፈለገም። ተነስቶ ኮምፕሬሰሩን አጠፋና ተመልሶ ተንበረከከ።

ልጅቷ ስትደርስ በዚያው ሁኔታ ነው ያገኘቻቸው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ጎድጉዶ፣ የተከፈተውን በር ተደግፋ ቆመች። ሰላምታዋ ራስ መነቅነቅ ብቻ ነበር።

"እህ?" አለ ጎሚስታው።

"ምንም" አሉ አባቷ።

"አሁን ጢጥ ያለው ምንድን ነው?" አለች።

ሁለቱም ዞሩ። "ምን?"

"ጢጥ አለ እኮ። አንተ 'እህ' ስትል።"

"ማን ነው ጢጥ ያለው?" አሉ አባ ደቂቃ።

"መኪናዋ ናታ አባዬ። ጋሼ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?"

ጎሚስታው ለማስረዳት ጊዜ አልነበረውም፤ ሁለቱ ደቂቃ እየሄደ ነው። እያነከሰ ወደ ፊት ቀኝ ዞረ።

"አለ" አለች።

ወደ ኋላ ቀኝ። "አለ።" ወደ ኋላ ግራ። "አለ። ይሄኛው ሁለት ጊዜ ነው።"

ቢጫዋ መብራት ጠፋች። ከሰዓቱን ሙሉ አልበገር ያለው ነገር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ አለቀ። ማንም ግን ደስ ያለው አይመስልም።

ልጅቷ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ከአባቷ ኋላ በኩል ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና አንድ ነገር በለሆሳስ ተናገረች። አባ ደቂቃ ፊት ለፊት እያዩ ቀሩ።

"ምን አልኩህ አባዬ?"

"መቼ?"

አባ ደቂቃ ወደ ጎሚስታው ዞሩ። "አንተስ መኪናዋ ጢጥ ስትል ሰምተሃታል? ድምፅዋ እኮ ለሰው ጆሮ የተሠራች አይደለችም። አይደል?"

ጎሚስታው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆየ። አንዲት ቃል ውሸት ትበቃ ነበር። ሠላሳ ዓመት ከኮምፕሬሰር አጠገብ ቆሞ፣ ቸርኬ በመዶሻ ሲቀጠቅጥ መኖሩ ትዝ አለው፤ ሚስቱ ከጓሮ ስትጠራው የሚሰማው በሦስተኛው መሆኑም።

"እኔም አልሰማሁም ጋሼ" አለ።

"አየሽ!"

"እኔ ግን አልነዳም" ብሎ ጨመረ፣ ወዲያው ደግሞ ምላሱን ቢውጠው ወደደ። "እኔ ባልሰማ ቢበዛ ሚስቴ ትቆጣለች።"

አባ ደቂቃ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"መብራቷ ከጠፋች ቁልፉ የኔ ነው ብለሻል" አሉ።

"ብያለሁ።"

"እና?"

"አልወስድብህም። ብያለሁ አልኩህ እኮ።" የተደራረቡ ጎማዎች ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። "ዛሬ ከማንም ጋር መጣላት አልችልም አባዬ። ደክሞኛል።"

የሚከራከራቸው ሰው ሲያጡ ሰውየው ግራ ገባቸው። መሪውን ነካ ነካ አደረጉ።

"እንደገና አድርጋት" አሉ ጎሚስታውን።

"ጠፍታለች እኮ ጋሼ።"

"አድርጋት አልኩህ። አንቺ ከኋላ ግቢና ጢጥ ባለች ቁጥር ጣትሽን አንሺ። አፍሽን ግን ዝጊ፤ እሺ የምለው እኔ ነኝ።"

መጫኛውን ራሳቸው ተጭነው ያዙ። መብራቷ መርገብገብ ስትጀምር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የልባቸውን ምት የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። ጎሚስታው መሣሪያውን አስጠግቶ በመስኮቱ አሻግሮ አየ። የልጅቷ ጣት ተነሳ። የአባትየው ከንፈር አልተንቀሳቀሰም። በሁለተኛውም ጎማ ጣቷ ተነሳ፤ ከንፈራቸው እንደተዘጋ ነው። በሦስተኛው ላይ እንዳልሰማች መስላ ጣቷን ሳታነሳ ልታልፍላቸው የፈለገች መሰለው፤ ግን አነሳችው። በአራተኛው አባ ደቂቃ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ኋላ ማሳያው መስታወት ተመለከቱ። የልጃቸው ጣት ተነስቶ ቆሟል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"በቃ" አሉ።

በሩን ከፍተው ወረዱ። ቁልፉን አልነቀሉም፣ ለማንም እንካ አላሉም፤ እዚያው እንደተሰካ ተዉት። በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞረው የተሳፋሪውን ወንበር በር ከፈቱና ገቡ።

"እናንተ ጋ የጆሮ ሐኪም አለ?" ሲሉ ጠየቁ።

"አለ። ነገ እወስድሃለሁ።" እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ወደ መሪው ተዛወረች። "ጋሼ፣ አንተንም ልውሰድህ?"

"ቅድሚያ ለእሳቸው" አለ ጎሚስታው።

ሞተሩ ተነሳ። መኪናዋ ስትነሳ አንዴ ዘለለችና ጠፋች።

"ክላቹን ቀስ" አሉ አባ ደቂቃ።

"አውቃለሁ አባዬ።"

"ብታውቂማ አይጠፋም ነበር።"

ሁለተኛ አስነሳች። ጎሚስታው መሣሪያውን በእጁ እንደያዘ ሲሄዱ አየ። አባ ደቂቃ ቀበቶውን ለመሳብ በግራ ትከሻቸው በኩል ሠላሳ አንድ ዓመት የለመዱትን ቦታ ዳበሱ፤ እጃቸው ባዶ ቀረ። ትንሽ ቆዩና በቀኝ በኩል ፈልገው አገኙት።