አባዬ ከእማዬ ወንበር ኋላ

ጋሼ ፎቶ ፎቶ የሌለው ሰው ነው። አትሳቁ፣ የምር ነው። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሲመረቅ በሉት፣ ሲያገባ በሉት፣ መታወቂያ ሲያወጣ በሉት፣ እሱ ፊት ተቀምጦ «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ እንዳትተነፍስ» ተብሏል። እሱ ራሱ ግን ዕድሜውን የፈጀው ከካሜራው ኋላ ነው። የቤታቸው አልበም ቢገለጥ እናት አለች፣ ልጆች አሉ፣ አክስት አለች፣ የጎረቤት ውሻ እንኳን ሁለት ሦስት ቦታ አለ። አባት የለም። አንድ ቀን አንዲት እንግዳ አልበሙን አገላብጣ ስትጨርስ የሚስቱን፣ የእማዬን፣ እጅ ያዝ አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ብቻሽን ነው ያሳደግሻቸው?» አለቻት። ጋሼ ፎቶ እዚያው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሚጣ የጋሼ ፎቶ የመጨረሻ ልጅ ናት። ሚጣ ትባል እንጂ ከአባቷ በቁመት በልጣዋለች፣ ስሙ ግን አልለቃት አለ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ ካሜራው የአባቷ ነው፣ ኮምፒውተሩ የሷ። እሱ ያነሳል፣ እሷ ታስተካክላለች። የተቀደደ፣ ውሃ የገባበት፣ አይጥ የቀመሰው ፎቶ ይዞ የመጣ ደንበኛ አዲስ ይዞ ይሄዳል። መርቀዋት የሚሄዱት ብዙ ናቸው።

አባቷ ግን! ፎቶ ቤቱ መንገድ ዳር የመስታወት ማሳያ አለው። እዚያ ላይ የሚወጣው አባዬ ራሱ መርጦ «ይሄ ፎቶ ነው» ያለው ብቻ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። የሚጣ ሥራ አንድም ቀን እዚያ ወጥቶ አያውቅም። «ጥሩ ነው ልጄ፣ ያምራል» ይላታል። ከዛ መነጽሩን እያወለቀ «ግን ያው የኮምፒውተር ነው» ይላል። ይቺ «ግን» ናት ሚጣን አንጀቷን የምታሳርራት።

እና ወሰነች። አባዬን ፎቶ ውስጥ ልታስገባው፣ እሱም አይቶ በገዛ እጁ ማሳያው ላይ እንዲያወጣው። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

የመረጠችው ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ ነው። እማዬ በወጣትነቷ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። ሚጣ ጭኗ ላይ ናት፣ ጥርስ እንኳን አላበቀለችም። ታላቅ ወንድሟ ከጎን ቆሞ ዓይኑ እስኪጠፋ ይስቃል። ከወንበሩ ኋላ ባዶ ግድግዳ። ሚጣ ያንን ባዶ ቦታ ባየች ቁጥር እጇን ይበላታል።

አባዬን ከየት ታምጣ? እማዬ ነች የደረሰችላት። ድሮ አዲስ ካሜራ ሲሞክር ራሱን በራሱ ያነሳት፣ ከደረት በላይ የምታሳይ፣ አልበም ውስጥ ያልገባች አንዲት ፎቶ አለች። እማዬ ከቦርሳዋ ውስጠኛ ኪስ አውጥታ ሰጠቻት።

«ይቺን ለማንም አታሳዪ» አለቻት።

«ለምን?»

«የኔ ናታ!»

ሚጣ ሁለቱንም ስካን አድርጋ ተቀመጠች። ምሳ ሰዓት ላይ ሹፌሩ ታላቅ ወንድሟ መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ሲገባ ሁሌም እንደሚያደርገው ወንበሯን አሽከረከረው።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ነው ቆንጆ የምታደርጊው?»

«ወንበሬን ልቀቅ። አባዬን እያስገባሁት ነው።»

ወንድሟ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለ። «ውይ! ምነው እማዬ ላይ ተቀመጠባት?»

እውነቱን ነው። የአባዬ ደረት የእማዬን ጭንቅላት ሸፍኖታል።

«ሌየሩ ከላይ ስለሆነ ነው» አለች ሚጣ። «ሌየር ማለት ምን መሰለህ፣ ጥርት ያለ ብዙ መስታወት ደራርበህ አስብ እሺ? ታችኛው ላይ የድሮው ፎቶ ከነግድግዳው አለ። ሌላኛው ላይ አባዬ ብቻ። ሌላኛው ላይ እማዬ ከነወንበሯ። ከላይ ሆነህ ስታየው አንድ ፎቶ ነው። አንዱን ብትነካ ግን ሌላው ምንም አይሆንም።» አባቷን በማውዝ ይዛ ከእማዬ ሥር ጎተተችው። አባዬ ሹክክ ብሎ ከወንበሩ ኋላ ቆመ።

«ቤትም ያው አይደል» አለ ወንድሟ። «እማዬ ናት ከላይ።»

«ሂድ ምሳህን ብላ።»

የእማዬን ፀጉር ከግድግዳው መለየቱ ብቻ ስንት መከራ መሰላችሁ። ያን ቀን ነፋስ ነበረ መሰለኝ፣ ፀጉሯ ብን ብሏል። ሚጣ ክር በክር ለቀመችው። አባዬን አደበዘዘችው፣ ምክንያቱም የድሮው ፎቶ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ነው። ሁለቱን ፎቶ የሚያመሳስል ቡናማ ቀለም ለብቻ ሌየር አደረገች፣ ግድግዳው ላይ የሚወድቀውን ጥላ ለብቻ። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። ብርሃኑ። በረንዳው ላይ ፀሐይ የምትመጣው ከግራ ነው። አባዬ ራሱን ያነሳባት ፎቶ ላይ ደግሞ ብርሃኑ በመስኮት ከቀኝ ነው የገባው። እና አባዬን እንደሆነ ታውቀዋለች፣ ሰው ሳያይ ብርሃን ነው የሚያየው። አንዴ የገዛ አክስቱን ሰላም ከማለቱ በፊት «እዚህ ጋ ቁሚ፣ ፊትሽ ጨልሟል» ያለ ሰው ነው።

ሚጣ አሰበች፣ አሰበች፣ ከዛ ቀላሉ መላ መጣላት። የአባዬን ሌየር ገለበጠችው። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ። ብርሃኑ ጥርት ብሎ ከግራ መጣ። ብድግ ብላ ብቻዋን አጨበጨበች። ወዲያው አተመችው፣ በትልቁ።

አባዬ ከስቱዲዮው ሲወጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። እማዬም ምሳ ዕቃ ልትወስድ መጥታ በሩ ጋ ቆማለች፣ ወንድሟም አልሄደም፣ ጉዱን ሊያይ።

አባዬ መነጽሩን አደረገ። ፎቶውን አንስቶ ወደ በሩ፣ ወደ ቀን ብርሃን ይዞት ሄደ። የእማዬን ፀጉር አየ። ግድግዳው ላይ ያለውን ጥላ በአውራ ጣቱ ተከተለው። ኮሌታው ጋ ብዙ ቆየ።

«ብርሃኑ ልክ ነው» አለ።

ከአባዬ አፍ ይቺ ትልቅ ነገር ናት። ሚጣ ወንድሟን በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ማን አነሳው?» አለ አባዬ፣ ከዛ ራሱ ሳቀ። «ጥሩ አድርጎ አንስቶኛል። ራሴን ነው የመሰልኩት።» እና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የማሳያውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ!

«እስቲ እኔም ልየው» አለች እማዬ። ተቀብላው ወደ ፊቷ አስጠጋችው፣ አራቀችው፣ ግንባሯን ቋጠረች። «ይሄ ማነው?»

«እንዴ እማዬ! አባዬ ነዋ!»

«አባትሽንማ አውቀዋለሁ። ይሄ የሱ ዘመድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። የማላውቀው ወንድም አለህ እንዴ አንተ?»

«ምን ትላለች ይቺ ሴትዮ!» አለ ጋሼ ፎቶ። «የገዛ ፊቴን እኔ አላውቀውም? በየቀኑ የምላጨው ማን ሆነና!»

«በመስታወት ነዋ የምትላጨው» አለች እማዬ። «መስታወት ላይ ግራና ቀኝህ ተዟዙሮ ነው የምታየው። ትክክለኛ ፊትህን ስታየው የኖርኩት እኔ ነኝ። ያቺ ጥቁር ነጥብህ ቀኝ ጉንጭህ ላይ ናት፣ እዚህ ግራህ ላይ አውጥታታለች።»

አባዬ ጉንጩን ዳበሰ። ደንበኛ ፀጉሩን ወደሚያበጥርበት መስታወት ሄደ፣ አየ፣ ፎቶውን አየ፣ መልሶ መስታወቱን አየ። ወንድሟ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ግድግዳው ዞረ። ሚጣ ግን ደሟ ወደ ፊቷ ወጣ። ነጥቧ! እንዴት ነጥቧን ትረሳለች? ብርሃን ብርሃን ስትል ሰውየውን አጣችው።

ጋሼ ፎቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተው።

«አየሽ ልጄ» አለ፣ ቁጣ እንኳን የለውም፣ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ብርሃኑን ለማዳን ሰውየውን ገለበጥሽው። ደግሞስ እኔ እዚያ መቼ ቆምኩ? ፎቶ የነበረውን ነው የሚያሳየው። ግድግዳው ባዶ ነበር፣ ባዶውን ተይው።»

«አልነበርክም?» እማዬ የያዘችውን ምሳ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ ቋ አድርጋ አስቀመጠችው። «አልነበርክም ነው የምትለው? ታዲያ 'ቆይ አንዴ፣ ቆይ አንዴ' እያለ ፀሐይ ላይ ያደረቀን ማን ነው? ይሄ ልጅ እንደዚህ ዓይኑ እስኪጠፋ የሚስቀው ለምን ይመስልሃል? አንተ ካሜራው ኋላ ሆነህ ምላስህን አውጥተህለት ነው! እኔስ ማንን እያየሁ ነው? ይቺስ ሕፃን ማንን ነው የምታየው? ሁላችንም አንተን ነው የምናየው፣ ከዚህ በላይ እንዴት ይኖራል ሰው?»

ጋሼ ፎቶ ፎቶውን ጎንበስ ብሎ አየው። ዕድሜ ልኩን ብርሃኑን ብቻ ያየበት ፎቶ ላይ አሁን የሰዎቹን ዓይኖች አየ። ሁሉም ወደ እሱ ናቸው።

ወደ ሚጣ ዞረ። «እና... አሁን እንደገና ሀ ብለሽ ልትጀምሪ ነው?»

«ምን በወጣኝ! ና እዚህ ቁጭ በል አባዬ።»

የራሷን ወንበር ለቀቀችለትና ማውዙን ይዛ አጠገቡ ቆመች። ስክሪኑ ዳር በየሌየሩ ጎን ያሉትን የዓይን ምልክቶች አሳየችው። አንዷን ስትነካ አባዬ ጠፋ። ግድግዳው ምንም አልሆነም። ስትደግመው ተመልሶ መጣ። ፊቱን ብቻ ይዛ ወደ ትክክለኛው ጎኑ መለሰችው፣ የእማዬ አንድ ፀጉር እንኳን አልተነካም። ነጥቧ ቀኝ ጉንጩ ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን እሱ ነው» አለች እማዬ ከኋላ።

«አሁን ግን ብርሃኑ ተበላሸ» አለ አባዬ።

«ብርሃኑን ለብቻው ሌየር እሠራለታለሁ። ፊትህን ሳልነካ ከላይ ነው የማደርገው።» ቀኝ ጉንጩ ላይ ብርሃን ለቀቀች፣ ግራው ላይ ጥላ።

አባዬ ትንሽ ታገሠ፣ ከዛ አላስችል አለው። «ግንባሬ ላይ አይሆንም! በረንዳው እኮ ጣሪያ ነበረው። ጥላው እስከ ቅንድቤ ይወርዳል። አፍንጫ ሥር ጨምሪ። በዛ! ቀንሺ፣ ቀንሺ... እዚያ ጋ! ተይው!»

ድሮ ፎቶ በሚያጥብበት ጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀት ላይ ብርሃን ሲወድቅ መዳፉን በመሀል እያስገባ ነበር ብርሃንና ጥላ የሚያመጣጥነው። እጁ ትንሽ ከቆየ ወረቀቱ ወደ ቆሻሻ ነው። አሁን መዳፉ ሳያስበው ስክሪኑ ፊት ተነሳና ብርሃኑን ሲከልል ራሱን አገኘው። ሚጣም የመዳፉን ቅርጽ እያየች ጥላውን በዚያው ልክ ሳለችው።

«ያንተን ፎቶ ማየት ትፈልጋለህ?» አለችው። ከታችኛው በስተቀር የሁሉንም ዓይን አንድ በአንድ አጠፋች። አባዬ ሄደ፣ ጥላው ሄደ፣ ቡናማው ቀለም ሄደ። ከሥር የድሮው ፎቶ ወጣ፣ ከነጭረቱ፣ ከነነጠብጣቡ፣ ልክ እሱ እንዳነሳው።

ጋሼ ፎቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። «አልነካሽውም?»

«ያንተን አልነካም እኮ። ከታች ቁጭ ነው የሚለው። የምሠራው ሁሉ ከላዩ ነው።»

«ሁልጊዜ? የሌላውንም ሰው?»

«ሁልጊዜ። ያነሳኸው ሁሉ እንዳነሳኸው አለ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ ምንም ሳይቆሽሽ። ይሄን ሁሉ ዓመት እኮ ልጄ ፎቶዎቼ ላይ እየሞነጫጨረች ነው ብሎ ነው ሲያስብ የኖረው! ለካ አንድም ቀን ጣቷን አላሳረፈችበትም።

«እኔ ያበላሸሁት ወረቀት ብዛቱ...» አለና አልጨረሰውም። «ጎበዝ። እኔ በዚህ ዕድሜሽ እንዲህ አልሠራም ነበር። ጎበዝ ነሽ ልጄ።»

ሚጣ ቀጥሎ የሚመጣውን «ግን» ጠበቀች። አልመጣም።

ፎቶው እንደገና ታተመ። አባዬ ማሳያውን ከፈተ፣ ከመሀል አንዱን የራሱን ሥራ አወረደና የሚጣን በቦታው አስገባ። ውጭ ወጥቶ አስፋልቱን ተሻግሮ ከማዶ አየው። ተመልሶ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ገፋው። እንደገና ተሻገረ።

ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ የመታወቂያ ፎቶ ልትነሳ የመጣችን ሴት ዝም ብሎ አላስገባትም፣ ክንዷን ይዞ ማሳያው ፊት አቆማት። «ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት። ልጅ እያሉ!»

«እንዴት አገኘሽው?»

«ደስ ይላል። ጋሼ ፎቶ፣ ትንሽ እቸኩላለሁ...»

«ልጄ ናት የሠራችው። ይሄ ጥላ ለብቻው ሌየር ነው፣ ታውቂያለሽ? ነይ ግቢ ላሳይሽ። ኮምፒውተር አይደለም ይሄን የሚሠራው፣ ሰው ነው!» ጎትቶ አስገባትና ከሚጣ ወንበር ኋላ አቆማት። «ሚጣ! አጥፊኝ!»

ሚጣ የዓይኑን ምልክት ነካች። አባቷ ጠፋ።

«አየሽ? ግድግዳው ምንም አልሆነም! አብሪኝ!»

ከእማዬ ወንበር ኋላ ከነነጥቡ ብቅ አለ። ሴትየዋ «ኧረ ጉድ!» ብላ አፏን ያዘች፣ መቸኮሏንም ረሳችው መሰለኝ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ገና ነው» አለ ጋሼ ፎቶ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሚጣዬ፣ አሁን ደግሞ ጥላዬን ብቻ አጥፊልኝ።»