የዊልፍ ዘጠኝ

ኧርነስትን ከማኅበራችን ያሰናበተው ዊልፍ ራሱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ ለዊልፍ ስታዝኑ ለኧርነስትም ትንሽ እንድትቆጥቡለት ነው።

ማኅበራችን ፓይ፣ ማለትም በሊጥ ታሽጎ የተጋገረ ሥጋ፣ ቀማሽ ነው። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ፣ ቀትር ላይ፣ በእንግሊዟ ከተማችን በሆልምሾና በዙሪያዋ ካሉ መጠጥ ቤቶች አንዱን መርጠን እንገባለን። ፓዩን እንበላለን፣ ከአስር ነጥብ እንሰጣለን፤ ነጥቡ በከተማው ጋዜጣ ይወጣል። ቀልድ ይመስላል። ሲጀመርም ቀልድ ነበር። መጀመሪያ የሽመና ፋብሪካዎቹ፣ ቀጥሎ ባንኩ፣ ቀጥሎ ፖስታ ቤቱ ተዘግተው ሰው የሚከራከርበት ነገር ሲያጣ ግን ቀልዳችን የከተማው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሆኖ አረፈው። ስምንት የሰጠነው ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ መቀመጫ አይገኝበትም። ሦስት የሰጠነው "ቀበሮው" ዛሬ የጥፍር ማስዋቢያ ነው።

ሰባት ሕግ አለን። ሁሉንም የጻፋቸው ዊልፍ ነው። ሠላሳ ዓመት የሽመና ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ሕግ ሲጽፍም ብሎን የሚያጠብቅ ነው የሚመስለው። አንደኛው፣ ፓይ ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ ይኑረው ይላል። ሳህን ሙሉ ወጥ ላይ አንድ ቁራጭ ሊጥ ጣል አድርገው የሚያቀርቡት ነገር ፓይ ሳይሆን ቆብ ያጠለቀ ወጥ ነውና ዜሮ ያገኛል። ሦስተኛው፣ በዕድሜ ትልቁ ሳይቀምስና ነጥቡን ሳይናገር ማንም ሹካ አያነሣም ይላል። አምስተኛው፣ ከአምስት በታች የሰጠ ሰው ተነሥቶ ይሄድና ነጥቡን ለሠሪው ፊት ለፊት ይናገራል። ስድስተኛው አጭር ነው፤ ምላሱ የከዳው ወንበሩን ይለቃል።

ኧርነስት ላይ የወደቀው ስድስተኛው ነው። ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈስሶ ከሆስፒታል በወጣ በወሩ፣ ዊልፍ በሁላችንም ፊት "ኧርኒ፣ ይኼ የምን ሥጋ ነው?" አለው። ኧርነስት አኘከ። ደግሞ አኘከ። "የበሬ" አለ። የበግ ነበር። ዊልፍ ተነሣና ኮቱን ከመስቀያው አወረደለት፤ "አዝናለሁ ወዳጄ፣ ሕግ ሕግ ነው" ብሎ ክንዱን እንኳ እጅጌው ውስጥ አስገባለት። ኧርነስት በዚያው የብርድ ወራት ሞተ። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አበባ ላክን።

አራት ቀረን። በዕድሜ ከሁላችን የሚበልጠው፣ ሰባ አራት ዓመት የሞላው ዊልፍ፣ አርባ ዓመት ሥጋ ሲሸጥ የኖረው ባለ ትልቅ ጢሙ ሆራስ፣ አውቶቡስ ነጂ የነበረውና አፉ የማያርፈው ክላይቭ፣ እና እኔ ኔቪል፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። የአራቱን ነጥብ ደምሮ ለአራት የሚያካፍል ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ለዚህም ዲግሪ ነበረኝ።

ከዚያ የዊልፍ ጉሮሮ ታመመ። ስድስት ሳምንት በጨረር አከሙት። አንገቱ የተጠበሰ ቆዳ መስሎ፣ ሸሚዙ ለሁለት ሰው የሚበቃ መስሎ ተመለሰ። ሚስቱ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ልጁ ጃኒን ያለችው ሁለት ሰዓት በባቡር ርቃ ነው። ዊልፍ ከረባት የሚያስረው በወር አንድ ቀን፣ ሐሙስ ብቻ ነበር። መጥቼ እስክወስደው ለመጠበቅ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መስኮቱ ላይ እንደሚቆም ጎረቤቱ ነግራኛለች።

ምላሱ እንደሞተ ያወቅነው በክላይቭ ቀልድ ነው። ዊልፍ ሽንት ቤት ሲገባ ክላይቭ መረቁ ላይ አምስት ማንኪያ ስኳር አራገፈበት። የቆየ ጨዋታቸው ነው፤ ተጠቂው ይተፋል፣ ይሳደባል፣ በካሳ ቢራ ይገዛለታል። ዊልፍ ተመልሶ ተቀመጠ። ጎረሰ። ሁለተኛ ጎረሰ።

"ቁንዶ በርበሬውን አልሰሰቱበትም" አለ፣ አፉን እየጠረገ።

ክላይቭ ሊስቅ የከፈተው አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ሆራስ ሳህኑን ማየት ጀመረ። እኔ ስለ ዝናቡ አወራሁ።

በዚህ ጉዳይ ሦስታችን አንድም ቀን አልተነጋገርንም። ግን አንድ ነገር ተለመደ። ፓዩ ሲቆረጥና እንፋሎቱ ሲወጣ ሆራስ ያሸታል፤ የሥጋ ነጋዴ አፍንጫ ከብዙ ሰው ምላስ ይበልጣል። ጥሩ ከሆነ ጢሙን ይዳብሳል። ድሮም ጢሙን የሚዳብስ ሰው ነው። ዊልፍ ግን ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ዓይኑን ወደ ሆራስ እጅ ጣል ማድረግ ጀመረ። ጢም ከተዳበሰ ስምንት፣ ሁለቴ ከተዳበሰ ዘጠኝ፣ ካልተዳበሰ አምስት። ለሰባት ወር አንድም አልሳተም። ጋዜጣው ላይ "የዊልፍ ምላስ እንደ ወትሮው ስለታም ነው" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እንግዲህ መጋቢት ላይ ተራው የ"መወርወሪያው" ሆነ። ቤቱ ስሙን ያገኘው ከሽመናው ዘመን ነው። የያዘችው ግሌኒስ ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ሊጥ በማሸት የፈረጠመ። ሕንፃው ቢራ የሚያቀርብላት ፋብሪካ ንብረት ነው፤ ገበያው ካልተሻሻለ በፀደይ እንደሚዘጉት ነግረዋታል። ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኛ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ ተነጥፏል። በዚያ ቤት ጨርቅ አይቼ አላውቅም።

"ለእናንተ ብቻ ነው የሠራኋቸው" አለች። "የበሬ ሥጋና ኩላሊት። ሥጋውን ከእሑድ ጀምሮ አስቀምጬላችኋለሁ። ማንም አልነካውም።"

"ክላይቭን አይተሽ ሐሳብሽን አትቀይሪ" አላት ዊልፍ።

"ክላይቭን ማየት ከጀመርኩ ሃያ ዓመቴ ነው፣ የኔ ጌታ። ያስለመደኝ እግዜር ነው።"

አራት ፓይ አመጣች። ወለል፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፤ ጠርዙ በጣት የተቆነጠጠ፣ ወርቅ የመሰለ። እሷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ሁለት እጇን ሽርጧ ውስጥ ጠቅልላ።

ዊልፍ ቢላዋውን አስገባ። እንፋሎቱ ወጣ።

እኔ እንኳን፣ የጠመኔ ብናኝ ስምግ የኖርኩት ሰውዬ፣ ሸተተኝ። ከቁንዶ በርበሬው ሥር የሆነ ጣፋጭ ነገር ነበር፤ ጣፋጭ መሆን የማይገባው ነገር። የሆራስ ፊት ግራጫ ሆነ። እጁ ተነሣ፤ አፍንጫውን ሊሸፍን። መዳፉ አፍንጫውን ሸፈነ፣ ጣቶቹ ጢሙ ላይ ወረዱ። ሽታው ሲበረታበት ወደታች ሳብ አድርጎ እንደገና ሸፈነ።

ሁለቴ።

ዊልፍ አየው። ጎረሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ ብሎ አኘከ፤ ዋጠ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በር ላይ ለቆመችው እንዲሰማ፣ "ዘጠኝ!" አለ።

ግሌኒስ ሽርጧን አንሥታ ፊቷን ሸፈነች።

ነጥባችንን በቢራ ብርጭቆ ማስቀመጫ ካርቶን ጀርባ ነው የምንጽፈው። ሆራስ እስክሪብቶውን እንደያዘ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ኔቪል፣ ይኼ ሥጋ..."

"ኩላሊት ነው" አልኩት። "ኩላሊት ድሮም ይሸታል።"

"አርባ ዓመት ኩላሊት ሸጫለሁ እኮ!"

"ዝም በል፣ ሆራስ።"

ያልኩት እኔ ነኝ። በዚያች ደቂቃ ያሰላሁትን ልንገራችሁ፤ ማስላት ሥራዬ ነው። ሆራስ ከተናገረ ዊልፍ አልቀመሰውም ማለት ነው። ካልቀመሰው ስድስተኛው ሕግ አለ። ኮቱን ከመስቀያው የማወርድለት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝና። ክንዱን እጅጌው ውስጥ ሳስገባ ታየኝ። "ስምንት" ብዬ ጻፍኩ። ክላይቭም ስምንት። ሆራስ ሰባት ጻፈ።

የቀረው ሳህኑን ማጽዳት ነው። እኔ በመሐረብ ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ከተትኩት። ሆራስ ጠርዙን ብቻ ቆረጣጠመና ሌላውን ከአተሩ ሥር ቀበረው። ክላይቭ ግማሹን ኮፍያው ውስጥ ደብቆ ጉልበቱ ላይ ሲያስቀምጥ ዊልፍ ያዘው፤ ያየው ኮፍያውን ሳይሆን ሳህኑ ላይ የቀረውን ግማሽ ነው።

"ምነው አንተ፣ ጥርስህን ቤት ረሳኸው?"

"ጠገብኩ።"

"አንተ? በባቡር ጣቢያው ቤት የሰው ትራፊ የለቃቀምከው ሰውዬ?" ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። "ዘጠኝ የተሰጠው ፓይ አይመለስም። ነውር ነው።"

የራሱን ጨርሶ የክላይቭንም በላ። ሳህኑ ላይ የቀረውን መረቅ በድንች ጠረገው። በዚያ ዓመት እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ክላይቭ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሕዝብ ሲያስቅ የኖረው ክላይቭ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያይ ነበር። እኔ መናገር የምችልበት አሥራ አንድ ጉርሻ ነበር። ቆጥሬያቸዋለሁ።

ዓርብ ታመመ። ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ ለጃኒን፣ ከዚያ ሁሉ ጨረር በኋላ ሰውነቱ ትንሽ ነገር የመቋቋም አቅም አልነበረውም አላት። የበላው ነገር ይሆን ብላ ጠይቃ ነበር። "ማን ማን አብሮት በላ?" አሏት። "አራት ሆነው ነው የበሉት" አለች፤ "ሳህናቸውን አጽድተው፤ ሦስቱ ደህና ናቸው።" እንግዲያው ምግቡ አይደለም ተባለ። ፓዩን ነፃ ያወጣው የእኛ ሳህን ነው።

የቀብሩን ምሳ ጃኒን "መወርወሪያው" ቤት አደረገችው። ሌላ የት ታደርገው? ስንገባ ግድግዳው ላይ በመስታወት ክፈፍ ውስጥ ያንን ካርቶን ሰቅለውታል፤ በዊልፍ ጠንካራ እጅ የተጻፈ 9። ከሥሩ ወንበሩን አስቀምጠውለታል፤ ማንም አይቀመጥበትም። ስልሳ ሰው ጥቁር ለብሶ እየተናፈጠ ተደርድሯል። ቤቱ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። የቢራ ፋብሪካው ሰውዬም መጥቷል፤ ቤቱ እንደማይዘጋ እየተናገረ የሰው እጅ ይጨብጣል። ሆራስ ጢሙን ተላጭቶ መጥቷል። ከንፈሩ ላይ ያለው ቆዳ የሕፃን መቀመጫ ይመስላል። ማንም ለምን አላለውም።

ከፊቴ ካለው ካርቶን አንዱን ገልብጬ ጻፍኩበትና ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። ግሌኒስ ትሪ ላይ ፓይ ትደረድር ነበር። ካርቶኑን አጠገቧ አስቀመጥኩት።

"ምንድነው ይኼ?"

"ዜሮ። የዚያን ቀኑ። ስምንት ብዬ ነበር የጻፍኩት፤ ዜሮ ነው። ሥጋው ተበላሽቶ ነበር፣ ግሌኒስ። አምስተኛው ሕግ ፊት ለፊት ተናገር ስለሚል ነው የመጣሁት።"

እጇን በሽርጧ ጠረገች። ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ተዘጋጅቼበታለሁ።

"ማቀዝቀዣው እሑድ ማታ ጠፍቶ አድሯል" አለች። "ሐሙስ ጠዋት ሥጋውን አሸተትኩት። ኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ድሮም ይሸታል አልኩ። ሌላ ሥጋ የምገዛበትም አልነበረኝ። ከዚያ ምን አልኩ መሰለህ? ብሳሳት እነሱ አሉ አልኩ። እነዚያ ሰዎች ለማንም አያዳሉም፤ ከተበላሸ መጥተው ፊቴ ላይ ይነግሩኛል፤ ሕጋቸው ነው። ያን ጊዜ እጥለዋለሁ አልኩ።" ካርቶኑን አነሣች፤ አየችው። "በሩ ላይ ቆሜ የነበረው ለዚህ ነው። ስትነሡ ለማየት።"

"ዊልፍ ጣዕም አይለይም ነበር" አልኩ። "እኛ ወንበሩን..."

"አራት ነበራችሁ፣ ኔቪል። ሦስታችሁ ምላስ ነበራችሁ።"

ካርቶኑን ምድጃው ውስጥ አልጣለችውም። ሽርጧ ኪስ ከተተችው። ከዚያ ትሪውን አንሥታ በክርኗ ገፋ አድርጋኝ ወጣች።

ተከትያት ስወጣ ጃኒን መሐል ቆማለች፤ ዓይኗ አብጧል። አባቷን ትመስላለች፣ በአገጯ።

"ጋሼ ኔቪል፣ የት ጠፋህ? ሰዉ ሁሉ እየጠበቀህ ነው።"

"ምን አድርግ ብሎ?"

"ትልቁ ሳይቀምስ ማንም ሹካ አያነሣም አይደል? አባቴ ይኼን ሳይነግረኝ የዋለበት ቀን የለም። አሁን ትልቁ አንተ ነህ።" ክንዴን ያዘች። "እባክህ። እሱ እንደሚያደርገው አድርገው።"

ፊት ለፊቴ ሳህን ተቀመጠ። ስልሳ ሰው ሹካውን ይዞ ይጠብቃል። ቆረጥኩ፤ እንፋሎቱ ወጣ። ልማድ ሆኖብኝ ወደ ሆራስ አየሁ። ሁለት እጁን ጭኖቹ ሥር ከትቶ ተቀምጧል።

ጎረስኩ። ሥጋው ትላንት የታረደ ነው፤ ይለሰልሳል፤ መረቁ ወፍራም፣ ሊጡ ከላይ ይፈረካከሳል፣ ከሥር መረቁን ጠጥቶ ራሱን ይዟል። በሃያ ዓመት እንዲህ ያለ ፓይ በልቼ አላውቅም። ግሌኒስ በር ላይ ናት። እጇ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ነው።

"ስንት?" አለች ጃኒን።

"ዘጠኝ" አልኩ።

ስልሳ ሹካ ባንድ ላይ ወረደ።