ጠበሉ ላይ የተጠራ ስም

ታንጉት ባሏን ልትቀሰቅስ ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ጥፋቷ ይኸው ነው። ይግዛው ዓይኑ ሳይገለጥ ዘሎ ጉሮሮዋን አነቀ። ከመደቡ ጎትቶ መሬት ጣላት፣ ደረቷን በጉልበቱ ተጭኖ፣ «አላውቅም! አላውቅም ብያለሁ!» እያለ ይጮሃል። እግሯ ሲንፈራገጥ ማሰሮውን መታው፤ ውሃው ፍሙ ላይ ተደፍቶ ቤቱን ጭስና እንፋሎት ሞላው። ድምፁን የሰማው ወንድሙ ማዕረግ ከበረት ሮጦ ደርሶ በአጠና ትከሻውን ባይለው ኖሮ አልቆላት ነበር። ይግዛው እጆቹን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ጥግ ሄዶ ተኮራምቶ ተቀመጠ።

ከደባርቅ እስር ከተፈታ አራተኛ ወሩ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ «ለሸፈቱት እህል ታቀብላለህ» ብለው አብዮት ጠባቂዎች ከዳባት ገበያ ወሰዱት። በሳምንቱ ጎረቤቱን ያርጋልን ከቤቱ አፍነው ወሰዱት። ይግዛው ተመለሰ፤ ያርጋል አልተመለሰም። ለሚስቱ ለደብሪቱ የደረሳት ቃል «አትጠብቂው» የሚል ብቻ ነው። ሬሳውን አልሰጧትም፣ ማልቀስም ከለከሏት። ያለ ሬሳ ፍትሐት እንዴት እንደሚሆን ሳታውቅ ክረምቱ ደረሰባት።

«ጋኔን ነው የያዘው» አለ ማዕረግ። «ዛሬውኑ ሚካኤል ጠበል እናወርደዋለን።»

«አትሰሩት ብቻ» አለች ታንጉት አንገቷን ይዛ።

«ሳናስረው ማን ይነካዋል? አሁን አንቺን ልንቀብር አልነበር እንዴ!»

ደብሪቱም ጩኸቱን ሰምታ መጥታ ነበር። ቅሏን አነሳች። «እኔም አብሬ እወርዳለሁ። የእኔን ያላመጣልኝ ሚካኤል ያንቺን ያድንልሽ።»

ማዕረግና ሌላ ጎረቤት ይግዛውን አስተኝተው እጁን የኋሊት በበቅሎ መጫኛ ጠፈሩት። ሲታገል ማዕረግን በጭንቅላቱ መትቶ ሁለት ጥርሱን አረገፈው። ጠፍሩ ጠበቅ ሲል ግን ይግዛው ድንገት ለዘብ አለ፤ አካሉ ተዝለፈለፈ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ አንድ ቦታ ቀረ። ታንጉትን ከመታነቋ ይልቅ ያስፈራት ይህ ነው። ወንዝ እስኪሻገሩ በቅሎው ላይ እንደ ጆንያ ተንጠልጥሎ ሄደ።

ጠበሉ ከገደል ሥር ነው፤ የስሜን ብርድ ያለበት ውሃ አጥንት ይሰብራል። የሚያጠምቁት አባ ሀብተ ሚካኤል የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ማዕረግ ወንድሙን ማጅራቱን ይዞ ከሚወርደው ውሃ ሥር ደፋው።

አባ ሀብተ ሚካኤል በመቁጠሪያቸው ጀርባውን እየመቱ እንደ ወጉ ጋኔኑን ይጠይቃሉ። «ማን ነህ? ተናገር! ማን ላከህ? ከማን ጋር መጣህ?»

«ተናገር!» አለ ማዕረግ ደም እየተፋ።

«ተናገር!» አለ በዙሪያው ያለው በሽተኛ ሁሉ።

ይግዛው አፉን ከፈተ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። «ያርጋል ነው። እህሉን ያቀበለው ያርጋል ነው። እኔ አይደለሁም፤ አውርዱኝ፤ ክንዴ ወለቀ።»

«ጮኸ! ጋኔኑ ጮኸ!» ሰዉ እልል አለ። አንድ አንካሳ ከወዲያ ማዶ፣ «የእኔው ሦስት ሳምንት አፉን ዘግቶ፤ የዚህ ደግሞ ምን ያለ ለፍላፊ ነው!» አለ።

የደብሪቱ ቅል ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰበረ።

«ያርጋል ማን ነው?» አሉ አባ ሀብተ ሚካኤል ወደ ታንጉት ዞረው። «የመንፈሱ ስም ነው?»

አዎ ብትል አበቃ። የጋኔን ቃል ማንም በሰው ላይ አያደርገውም። የያርጋል ወንድሞች ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ጠመንጃ አላቸው፤ ጋኔን ነው ከተባለ ባሏ ይተርፋል። ግን የጠበሉ ሰባት ቀን እስኪሞላ እንዲሁ ታስሮ፣ እንዲሁ እየተመታ፣ ተናገር እየተባለ ነው። የተዝለፈለፈውን አካል አየች። በልቧ ሚካኤልን ጠራች።

«አባቴ፣ ጋኔን አይደለም» አለች። «ባሌ ነው። የክንዱን ጠባሳ አይቻለሁ፤ ደባርቅ ያሰሩት፣ የሰቀሉት እንዲሁ አድርገው ነው። እባክዎ ይፍቱት።»

የሽማግሌው መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። ውሃው ውስጥ ተንበርክከው ቋጠሮውን ታገሉት፤ የራሰ ጠፍር አልላላ ሲላቸው በጥርሳቸው ፈቱት። «እኔን ይማረኝ» ይላሉ በየመሐሉ። «እኔን ይማረኝ ልጄ።»

እጁ እንደተፈታ ደብሪቱ ድንጋይ አንስታ ግንባሩን አለችው። ቅንድቡ ተተረተረ። ታንጉት ይዘልባታል፣ ያንቃታል ብላ ጮኸች። ይግዛው እጁን አነሳ፤ አየር ላይ አቆየው፤ መለሰው።

«ስድስት ቀን ዝም አልኩ» አለ። አሁን የራሱ ድምፅ ነው። «እጄን የኋሊት አስረው፣ ገልብጠው ሰቅለው ውስጥ እግሬን ሲሉኝ፣ ስም ብቻ ስጠንና እናወርድሃለን አሉ። አፌ ላይ የመጣው የእሱ ስም ሆነ። ሐሰት ነው ደብሪቱ። ያርጋል አንድ ቁና አልሰጠም።»

«ገደሉት?»

«አጠገቤ። ጭንቅላቱን መቱት። ቅበር ብለው አካፋ ሰጡኝ።»

ሁለተኛውን ድንጋይ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «የት?»

«ከከተማው በላይ፣ ከድንጋይ መፍለጫው አፋፍ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌዋለሁ። በነጠላዬ ከፈንኩት።»

የደብሪቱ ክንድ እንደተነሳ ቆየ። «ታሳየኛለህ።»

«አብደሻል?» አለ ማዕረግ። «ወንድሞቹ ቢሰሙ እኮ ይገድሉታል!»

«ይግደሉት፣ ይተዉት፣ ባሌን ከቀበርኩ በኋላ ይታያል።»

ይግዛው ተነሳ። ደሙ በጉንጩ ይወርዳል። ጤና አገኘ የሚል ሰው ቢኖር ታንጉት አታምነውም፤ ግን ዓይኑ አሁን እሷን ያያል።

«ታንጉት» አለ፤ ከተፈታ ወዲህ ስሟን ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። «መንገድ ላይ ከማንም ቤት አካፋ ለምኝልኝ።»

ወደ ዳገቱ ቀድሞ ወጣ። ደብሪቱ ድንጋዩን ሳትጥል ተከተለችው። ታንጉት ነጠላዋን አጥብቃ በሁለቱ መሐል ገባች።