አንድ ሴንቲ አላሰፋም

«በልታ በልታ የሱንም ድርሻ ጨረሰችበት» አለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከአጸደ ኋላ ተቀምጣ።

ሹክሹክታ መሆኑ ነው። አጸደ ግን ሰማች፤ ስለ ውፍረቷ የሚባለውን ሳትዞር መስማት ከልጅነቷ ለምዳዋለች። ዛሬ ሠልስት ነው። ባሏ ይገዙ በአርባ ስምንት ዓመቱ፣ ከሰበታ አየር ጤና የሚያመላልሰውን ሚኒባስ ዳር አስይዞ፣ መሪው ላይ እንደተደፋ ቀረ። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሰፈሩ አላመነም። ልብ የወፍራም በሽታ ነው፤ ይገዙ ደግሞ ሸምበቆ ነበር። ስለዚህ ወይ ዓይን በልቶታል፣ ወይ ሚስቱ።

ሸምበቆ መባሉን ይገዙ ራሱ ይወደው ነበር። በየፋሲካው መንገድ ዳር ሚዛን ላይ ይወጣና እየሳቀ ቤቱ ይገባል። «ስልሳ ስድስት! ከሠርጋችን ወዲህ ንቅንቅ ብሏል?»

እውነትም ኪሎው አልተነቃነቀም። የተነቃነቀውን የምታውቀው ልብስ ሰፊዋ አጸደ ናት። ክንዱና ጭኑ በየዓመቱ ሲሟሽሽ፣ ሰማንያ ሁለት ሴንቲ የነበረው ወገቡ መቶ ሦስት ገብቷል። ያም ሆኖ ሰፋ ያለች ሹራብ ሁሉን ትሸፍንለታለች። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ባለሙያዋ ላሊሴ አንድ ቀን ባልና ሚስቱን ለክታ አልሸሸገችም። «ጋሼ ይገዙ፣ ኪሎ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ጡንቻዎ እየሄደ ስቡ ሆድዎ ውስጥ እየገባ ነው። ለስኳርም ለልብም መጥፎ እሱ ነው። ይመርመሩ።»

«ይልቅ እሷን ንገሪልኝ!» ብሎ ሳቀ።

አጸደም አብራው ሳቀች። በማግስቱ ግን ሄዳ ተመረመረች፤ ደም ግፊት ተገኘባትና ኪኒን ጀመረች። እሱ አልሄደም። ምን ብሎ ይሂድ? ሱሪው መቼ ጠቦት ያውቃል! እሱ ሥራ ሲውል እሷ የኋላ ስፌቱን ተርትራ፣ ተመሳሳይ ጨርቅ ቀጥላ፣ በየዓመቱ አንድ ሁለት ሴንቲ ታሰፋለታለች። እንዳይከፋው ብላ። ለባሏ ካደረገችለት ሁሉ ትልቁ ደግነት ይመስላት ነበር።

አማቷ ወይዘሮ የሺሃረግ የሟቹን ግራጫ የሠርግ ሱሪ በእጃቸው ይዘው መጡ። ኋላቸው ታናሹ መልከጼዴቅ ኮቱን ደርቦ ቆሟል፤ እሱም ሾፌር፣ እሱም ቀጭን። ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሆዱ ላይ ግን ቁልፉ አልገጥም ብሏል። አጸደ ይህን ስታይ ክው አለች።

«ለአርባው ይሄንኑ ይልበሰው፤ የወንድሙ ማስታወሻ ነው። ሱሪው ወገቡ ላይ ያዝ አድርጎታል፣ ትንሽ አስፊለት» አሉ።

«አላሰፋም።»

ወይዘሮ የሺሃረግ የዘረጉትን ሱሪ ዝቅ አደረጉ።

«ምን አልሽ?»

«አንድ ሴንቲ አላሰፋም፣ እማማ። ለአንዱ ልጅዎ ሳሰፋ ኖሬ ቀበርኩት።» ሱሪውን ተቀብላ ገለበጠችና ቅጥልጥሉን ለሁሉም አሳየች። «ይኸው! ድርሻውን አልበላሁበትም። ሆዱን ነው የደበቅኩበት። ወንጀሌ ይሄ ነው፤ ማማት ከፈለጋችሁ በዚህ እሙኝ!»

የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ጎበና ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ተይ አጸደ፣ በሠልስቱ ቀን…»

«ዛሬ ካልተናገርኩ መቼ ልናገር ኦቦ? ሌላ ድንኳን ስትተክሉ?»

ኦቦ ጎበና ተመልሰው ተቀመጡ።

«እኔ እኮ ስልሳ አራት ኪሎ ነኝ» አለ መልከጼዴቅ፣ ኮቱን ወደ ፊት እየጎተተ።

«እሱም ስልሳ ስድስት ነበር።»

ወይዘሮ የሺሃረግ ዘለፋ ሊያወርዱ አፋቸውን ከፈቱ። ዓይናቸው ግን አልገጥም ያለው ቁልፍ ላይ ቆመ፤ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ሆድ ዳሰሱ።

«ነገ ጠዋት ላሊሴ ጋ ይዤህ እሄዳለሁ» አሉት። «እምቢ ብትል እንኳ ጎትቼህ።»

አጸደ ምላጭ አስመጥታ፣ እዚያው ለቀስተኛው መሐል፣ የገዛ ስፌቷን መተርተር ጀመረች። ቁራጮቹ አንድ በአንድ ጭኗ ላይ ወደቁ፤ ወገቡም ወደ ሙሽርነቱ ልክ ተመለሰ። ያኔ እንባዋ መጣ። የመጨረሻዋን ቁራጭ አነሣች፣ የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት፣ ቋጠሮውንም በጥርሷ ስባ አጠበቀችው።